የአባቴ ተዝካርና የመቀናጆው በሬ

«ሞቶ ከምትጎትቱት ቆሞ ይታረድ ነው የምልሽ! የሞተ በሬ ብክት ነው። ብክት ደግሞ ለወንድሜም አይሆን፣ ለእናንተም አይሆን፤ ለጅብ ነው የሚሆነው።»

አጎቴ ይህን ሲል በዱላው ጫፍ የመደቡን ጠርዝ ይወጋ ነበር። ጭቃው እየተፈረፈረ ይወርዳል። እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ለሐዘን ያጠቆረችውን ነጠላ እስከ አገጯ ተከናንባ ቆማለች።

«እርስዎ አርደውት ይሄዳሉ። በክረምት ማን ያርስልኛል? ከፃግብጂ መጥተው ቀንበር ይገቡልኛል?» አለችው።

«ክረምት! ክረምት የሚባል ነገር አሁንም አለ ያለሽ ማነው?»

«ከሌለማ የተዝካሩም በላተኛ ነገ ሟች ነው። ምኑን አተረፉለት?»

«ጠግቦ መሞትን!» አለ አጎቴ።

በሩ አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር ሳቄን ለመደበቅ ወደ ውጭ ዞርኩ። ሳቁ ግን ገና አፌ ሳይደርስ ሞተ። ቀልድ ይሁን እውነት መለየት አቃተኝ። አጎቴ እንደሆነ ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

እሱ ፃግብጂ የሚኖር የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በሳል ታሞ ሲሞት ለቀብሩ አልደረሰም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መርዶውም ዘግይቶ ነበር የደረሰው። በዚህ የተነሣ ለአርባው ቀደም ብሎ መጣ። የወንድሙ ተዝካር አገር የሚያወራለት እንዲሆን ይፈልጋል። ሁዳዴ ሊገባ ስለሆነ ሥጋ የሚበላው ከጾሙ በፊት ነው። ያለን ደግሞ አንድ በሬ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ብቻ ነው። ሰማዩ ሁለት ክረምት አታሎናል፤ ገለባችን አልቋል፤ ቦራውም አንዴ ከተኛ በራሱ መነሣት እያቃተው ነበር።

«ከገበሬ ማኅበሩም ትእዛዝ ወርዷል» አልኩ። «ድግስ ለደገሰ ሰው የእርዳታ እህል አይሰፈርለትም ተብሏል፣ አጎቴ።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተማ ዝም በል። ግጥምህ ፃግብጂ ድረስ ደርሷል።» ከዚያ ደረቱን ነፋ፣ አንገቱን ሰበቀና በኔ ድምፅ ለመናገር እየሞከረ አነበነበው፦

ለሞተ ሰው ብለን ጎተራ ስንጠርግ፣
የቆመውን ልጅ ነው አፈር የሚፈልግ።

«ጉድ ነው! አባቱን ከቀበረ በኋላ ነው ወይስ በፊት ይሄን ያለው?»

በፊት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከፌዙ ይልቅ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «ፃግብጂ ድረስ» ማለቱ ነው። እኔ ፃግብጂን አይቻት አላውቅም፤ ግጥሜ ቀድሞኝ ሄዷል ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቱም ግራ ተጋባሁ።

ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደል ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለቃቀምኩ፤ የቀረውን በመሠረተ ትምህርት ጨረስኩ። ቤት መምታቱን ከአልቃሾችና ከአራሾች ሰረቅኩ። ያችን ሁለት መስመር የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስላት ከሰቆጣ የመጣው ካድሬ ተነሥቶ አጨበጨበ። ብክነት የሰፊው ሕዝብ ጠላት ነው አለ፤ የድግሱን እገዳም በዚያችው ግጥም አወጀ። ሰው ሁሉ የመኖር መብት አለው አለ። «መብት» የሚለውን ቃል እንደዚያ ጎላ ብሎ ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። እዚያው ስብሰባ ላይ፣ ገና ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ለወታደርነት የሚሄዱ ሰዎች ተመረጡ። የጎረቤታችን ባል አንዱ ነበር። ዓይኑን ወደ ሚስቱ ጣል አድርጎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መብት የሚለውን ቃል እንደማላውቀው አገር ገንዘብ ይዤው እዞራለሁ፤ የት እንደሚመነዘር ግን አላውቅም።

«እሺ» አለ አጎቴ፣ «ውጣና አጥሩ ሥር ያሉትን እያቸው። ከዚያ ግጥምህን በልላቸው።»

ወጣሁ። አጥራችን ሥር አንድ ሰው፣ ሚስቱና አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። አሮጊቷ የሰውየው እናት መሆኗን ያወቅኩት በአፍንጫቸው ነው፤ አንድ ዓይነት ነበር። ከቆላው ወገን ተነሥተው ወደ ሰቆጣ እርዳታ ፍለጋ ከሚሄዱት ናቸው። እንዲህ ያሉ መንገደኞች በየቀኑ ያልፉ ነበር፤ አጥራችን ሥር ግን ተቀምጠው አያውቁም። ሰውየው ሲያየኝ ለመነሣት ሞከረ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አልኩት።

«ተዝካር ያለበት ቤት ይህ ነው ብለውን ነው፣ ጌታዬ» አለ። ጌታዬ ብሎ ጠርቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ካለፈ ግን እንሄዳለን። አናስቸግርም።»

አላለፈም ልበለው? የለም ልበለው? ወይስ ብክነት የሰፊው ሕዝብ ጠላት ነው? አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ስል አገዳ እያኘከች ነው። ወደ ቤት ተመለስኩ።

ስገባ ጎረቤታችን በጓሮ በኩል መጥታ ቤቱ መሀል ቆማለች። ባሏ የሄደባት እሷ ናት። ረጅምና ቀጭን፣ እጇ ሁልጊዜ አንድ ነገር የያዘ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን የያዘችው አንድ እቅፍ አሮጌ ሳር ነው። ጭስ ያጠቆረው፣ ጥላሸት የጠጣ ሳር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እኛ አንድ አለን፣ እሷም አንድ አላት። አባቴ ሁለቱን አጣምዶ አንድ ቀን የኛን፣ አንድ ቀን የእሷን ያርስ ነበር፤ መቀናጆ ማለት ይኸው ነው። ባሏ ከተወሰደ ወዲህ እርፉን የያዘው አባቴ ነበር፤ አሁን እኔ ልይዝ ነው።

«አያ፣ በሬዬን ሊያርዱ ነው አሉኝ» አለችው አጎቴን።

«በሬሽን? የወንድሜን በሬ ነው።»

«የወንድምዎ በሬ የኔ በሬ እግር ነው። እሱን ካረዱ የኔንም አብረው ይረዱት፤ ብቻውን ምን ያደርግልኛል? ተረት እያወራሁለት ልቀልበው?»

«ቢታረድም ባይታረድም የሚሞት በሬ ነው!»

«ማን አለ? ይምጡና ይዩት!»

ሁላችንም ወደ ጋጣው ሄድን። ቦራው በጎኑ ተኝቷል። ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል፤ ዓይኑ ጠርዝ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ጎረቤታችን ሳሩን አፍንጫው ሥር አስቀምጣ ጭራውን ያዘች። እኔ ቀንዱን፣ እናቴ ትከሻውን፤ አጎቴ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዱላውን ጣለና ሆዱ ሥር ገባ። አልተነሣም። አጎቴ በቋንቋችን በኽምጣኛ ተሳደበ፤ እናቴ በኽምጣኛ መለሰችለት፤ በሬው ሁለቱንም አልሰማም። ያን ጊዜ አጥር ሥር የነበረው ሰው ማንም ሳይጠራው መጣ። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ፤ በአጎቴ ጎን ተንበርክኮ ትከሻውን ከበሬው ደረት በታች አስገባ። እንዴት እንደሚነሣ ያውቃል። «አሁን!» ሲል አነሣን፤ ቦራው ተንገዳግዶ በአራት እግሩ ቆመ።

ሁላችንም እናለከልካለን። ሰውየው የበሬውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አየ፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

«ገና ነው። ጥሩ በሬ ነው» አለ።

«ሰማችሁ?» አለ አጎቴ።

«ሰማችሁ?» አለች ጎረቤታችን በተመሳሳይ ቅጽበት።

ሰውየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ተመለከተ። ለማን እንደመሰከረ አልገባውም። እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወደ አጥሩ ተመልሶ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ቤት ስንገባ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። ሲጮህ መናቁ ቀላል ነበር፤ ዝቅ ሲል ግን የሚደመጥ ሰው ነው።

«ስሙኝ። ወንድሜ የዚህን አገር ተዝካር ሁሉ ቀምሷል። ሰው ሲሞት የሰው ቤት ይከፈታል፤ የተራበ ይገባል፤ ማነህ ከየት ነህ የሚለው የለም። ማኅበራችሁ ይህን ብክነት አለው። በሬ ጋጣ ውስጥ ሲሞት ግን ብክነት አይደለም፤ ቁጠባ ነው። እኔ ይሄን አላወቅኩትም። ዛሬ የቆመ በሬ አለ፣ ዛሬ የተራበ ሰው አለ። ነገ ሁለቱም ላይኖሩ ይችላሉ።»

ድግስን የረገምኩት ለተራበው ብዬ ነበር፤ ለተራበው ብሎ ድግስ የሚጠራው ደግሞ እሱ ሆነ።

«አያ» አለች ጎረቤታችን፣ «ያሉት እውነት ነው። ግን እኔን ከነዚያ አጥር ሥር ካሉት የሚለየኝ ምን ይመስልዎታል? ይሄ ጥንድ በሬ ነው። ዛሬ ያብሉኝ፤ በሰኔ የማን አጥር ሥር እንደምቀመጥ ግን አብረው ይንገሩኝ።»

«እስከ ሰኔ ምን ታበሉታላችሁ? አፈር?» አለ አጎቴ።

«ጣራዬን» አለች።

እናቴ ቀና አለች። «ምን አልሽ፣ እቴ?»

«የጎጆዬን ሳር እየመዘዝኩ ነው የኔን ያቆምኩት። ለቦራውም ያመጣሁለት እሱኑ ነው። ወገቡ ድረስ ጨርሼዋለሁ። ከዋክብቱን እያየሁ ነው የምተኛው፤ የሰርግ ዳስ በይው።»

«ዝናብ የመጣ ለት ቤትሽ ይገባል!»

«ይምጣ እንጂ፣ አልጋዬም ላይ ይግባ!»

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባቴ ሞት ወዲህ የእናቴን ጥርስ አየሁት። አጎቴ ግን አልሳቀም።

«በሬው የጣራ ሳር ይበላል» አለ። «ውጭ ያሉትስ?»



ያን ጊዜ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «የአባትህ በሬ ነው። አንተ ተናገር።»

ሦስቱም አዩኝ። መጽሐፍ ያየሁ፣ ስብሰባ ላይ የተጨበጨበልኝ እኔ ነኝ። ልቤ ውስጥ ያን ቃል ፈለግኩት። አጥር ሥር ያለው ሰው የመኖር መብት አለው። ጎረቤታችን የማረስ መብት አላት። እናቴ ባሏን እንደ ሰው የመሸኘት መብት አላት፤ እሷ ግን ይሄን አልጠየቀችም። አባቴስ? የሞተ ሰው መብት አለው? ካድሬው ይሄን አላስተማረንም። መብቶቹ ሁሉ እውነት ናቸው፤ በሬው ግን አንድ ነው።

«እስከ ቅበላ እንቆይ» አልኩ በመጨረሻ። «ካልተሻለው ከጾሙ በፊት...»

«ፍርድ ስጥ አሉህ እንጂ ቀጠሮ ስጥ አሉህ?» አለ አጎቴ።

ጎረቤታችንም ተናደደች። «ሳሬን እያበላሁ ለቢላ ላደልበው ነው?»

ለሁሉም የሚሆን ያልኩት ለማንም አልሆነም። እናቴ ብቻ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ በእንቅብ ባቄላ ይዛ ወጣች። ለዘር ብላ ካስቀመጠችው ነው፤ የጎደለውን አየሁት።

«በሬው አይታረድም» አለች። «ፍትሐቱን አስፈታለሁ። ይሄን ደግሞ ንፍሮ ቀቅዬ አጥር ሥር ላሉት እሰጣለሁ። ያለኝ ይሄ ነው።»

«ንፍሮ!» አለ አጎቴ። «ወንድሜ በንፍሮ ይሸኝ? ተዝካር የበላበት ቤት ሁሉ ምን ይላል?»

«የየቤቱ ሰዎች ሞተዋል፣ ወንድሜ። ማን ቀረ የሚናገር?»

እናቴ ወንድሜ ስትለው ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የሚሸነፍ መሰለኝ። እሱ ግን ከመደቡ ላይ ጋቢውን አነሣ፤ ጎንበስ ብሎ ዱላውን ፈለገ፤ ጋጣ ውስጥ እንደጣለው ትዝ አለውና ተወው። ማንንም ሳይሰናበት በሩን ከፈተ። ብርሃኑ እስከ ምሰሶው ገባ።

«ተነሡ» ሲል ሰማነው። «ተዝካሩ እዚህ አይደለም። እኔ ቤት ነው፣ ፃግብጂ። ሁለት ፍየል አለኝ።»

እናቴ እንቅቡን እንደያዘች «እስኪበስል እንኳ ይቆዩ!» ብላ ተጣራች። ከደጃፉ ዞር አላለም።

ሰውየው ወደ ሰቆጣ መንገድ ተመለከተ። ሰቆጣ እርዳታ አለ ይባላል፤ ይባላል እንጂ ያየ የለም። ፃግብጂ በሌላ በኩል ነው፤ ያውም አሮጊት ተሸክሞ። አጎቴም ድግስ ደገሰ ተብሎ እህሉን ሊከለከል ነው፤ ያ የታወጀበት ቃል ደግሞ የኔ ግጥም ነው። ተነሥቼ ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ። አትሂዱ ልል ይሁን ሂዱ ልል ግን አላወቅኩትም። ሰውየው ለእናቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ፤ አሮጊቷ አንገቱን አቀፈች። አጎቴ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና በሩን ስቦ ዘጋው።