ከደወሉ ጋር የተመደበው ሣጥን

ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ዕቃን ከዕቃ በኢንተርኔት በሚያገናኝ ትምህርት ነው። የትምህርት ክፍሉ ኢንተርኔት ግን ከማንም ጋር አይገናኝም ነበር። አፍሪካ የራሷን ተመራማሪዎች ራሷ ታፍራ ተብሎ የተከፈተ አዲስ ፕሮግራም ነው፤ እኛ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ነን። በመክፈቻው ቀን አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበልን፣ ኬክ ተቆረሰልን፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ቀረ። አማካሪዬ ውጭ አገር የሚኖሩ ያገራችን ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቃቸው አፋቸውን ከፍተው ስክሪን ላይ ደርቀው ነው። «እንግዲህ ዋናው ነገር» ይላሉ፤ ኔትወርክ ይሄዳል። ዋናውን ነገር እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

ከዚያ በፊት እዚያው ግቢ የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። ዲግሪ ይዤ ስድስት ዓመት በር ስከፍት፣ በር ስዘጋ! የፕሮግራሙ ቃል ግልጽ ነው፤ በጊዜው የጨረሰ ቀጣዮቹን ያስተምራል፣ ያልጨረሰ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ገና ወዳላስረከብኩት ቁልፌ ማለት ነው። ለመጨረስ ደግሞ ከሐይቁ ላይ የሠላሳ ቀን መረጃ መሰብሰብ ነበረብኝ። ሠላሳ ቀን፣ አንድም ሳይጎድል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የውሃውን ሙቀትና ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል፤ በየሰዓቱ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱን የሚቀበል ሣጥን ከነሶላሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሰቀላል። በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ከፍ ያለ፣ ውሃውን ቁልቁል የሚያይ፣ ሌባም የማይደፍረው ቦታ የእስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገዳሙ ደግሞ ሴት አያስገባም። መመረቂያዋን እግሯ የማይረግጥበት ቦታ ላይ የምትሰቅል ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰቀልኩ።

ሣጥኑን የተረከቡኝ የገዳሙ ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ናቸው። እሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው፣ እኔ ሴት ከማታልፍበት ዛፍ ሥር ቆሜ በስልክ አሠራኋቸው። በስልክ አልኩ እንጂ፣ ከገደል ገደል እየተጣራሁ ያደግሁ የአምባሰል ልጅ ስለሆንኩ ስልኩ ባይኖርም ይሰሙኝ ነበር።

«አባ፣ ቀዩ ሽቦ ከቀዩ ጋር!»

«ከቀዩ ጋር ነው፤ ጥቁሩም ከጥቁሩ ጋር ነው። ቀስ በይ ልጄ፣ ወፎቹ ሸሹ።»

አንዴም አልተሳሳቱም። ሲጨርሱ ሣጥኑ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። «ውሃው ላይ ካለው ጓደኛው ጋር ይነጋገራል፤ የሰማውን ለእኔ ይነግረኛል» አልኳቸው።

«ቀንም ሌትም?»

«ቀንም ሌትም፣ አባ።»

«አዬ ምስኪን» አሉ። እኔን መስሎኝ አመሰገንኳቸው።

መረጃው መግባት ጀመረ፤ ደስታዬን አልቻልኩትም። ቅዳሜ ሲሆን ጸጥ። እሑድም ጸጥ። ሰኞ ማለዳ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ግጥም አድርጎ መላክ ጀመረ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሳይሆን ረቡዕም ጠፋ። በሌላው ሳምንት ሰኞና ዓርብ ተጨመሩ። አባ ዘንድ ስደውል «ሣጥኑ ደህና ነው፤ አቧራውንም በየቀኑ እጠርግለታለሁ» ይሉኛል። ባትሪ አስቀየርኩ፣ አንቴና አስቀየርኩ፣ ሴንሰሩን በዓሣ አጥማጆች ጀልባ አስወጥቼ ፈትቼ ገጠምኩት። ወይ ፍንክች!

አማካሪዬ ግን ነገሩን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ ስልክ ስለሚያበዛ ሞገድ ከሞገድ ይጋጫል፤ የሌሎቹ ቀናት ምክንያት ደግሞ ማንም ያላጠናው የሐይቅ ላይ ጭጋግ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ግኝት ነው፤ ለጉባኤ እናቀርበዋለን፤ «እንግዲህ ዋናው ነገር» አሉና ጠፉ። እኔ ሞኟ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩበት። ግራፍ ሁሉ አለው።

ከከተማው እስከ ገዳሙ የእግር መንገድ የሚያመላልሰኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ አምባሰል ቅኝት ከፍቶ አብሮ የሚያንጎራጉር፣ ጨዋታ የሚችል የሙስሊም ልጅ። አንድ ቀን በንዴት ሳጉረመርም ምን ሆነሽ አለኝ። ሣጥኑ የጠፋባቸውን ቀናት ከላፕቶፑ ላይ አነበብኩለት። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኔም ሳልገለብጠው እንዳለ ነበር የማነበው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለኝ። «ያ ረቡዕ ሚካኤል አይደል? ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰኞ እስጢፋኖስ ነው፤ ምሳ እንኳ አልበላሁም። ዓርቡ ማርያም ነው። ወላሂ እህቴ፣ ይሄ ሣጥንሽ የገበያዬን ቀን አንድ በአንድ ያውቃል!»

ደሜ ፈላ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ አንድ! በእኛ አቆጣጠር ብገለብጠው ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር ጭጋግ ነው ብዬ ግራፍ ሠርቼለታለሁ። ዛፉ ሥር ደርሼ አባን ሳስጠራቸው መስቀል መሳለም እንኳ ረሳሁ።

«አባ! በሰንበትና በበዓል ሣጥኑን ያጠፉታል?»

«አጠፋዋለሁ እንጂ» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «በሰንበት በሬ አይጠመድም፤ አህያ አይጫንም። እሱን ብቻ ምን በደለ ብዬ ላሠራው?»

«አባ፣ ዕቃ እኮ ነው! ነፍስ የለውም!»

«ይሰማል፣ ይናገራል፣ ጓደኛ አለው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

አልቅሼ ነገርኳቸው። ስለ ሠላሳው ቀን፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ስድስቱ ዓመት። ፊታቸው ተለወጠ፤ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ እያሉ መስቀላቸውን አሻሹ። ቢሆንም ሰንበትን መሻር ቀላል ነገር አልሆነላቸውም። ድንገት ከወዲያ ማዶ ደወል ተደወለ።

«አባ፣ ደወሉስ በሰንበት አይሠራም?» አልኳቸው።

ዘወር ብለው ደወሉን አዩት። «የደወሉን ነገር አላሰብኩትም» አሉ። «አባቶችን ልጠይቅ።»

ሳምንት ሙሉ ጠየቁ። እኔ ሳምንት ሙሉ ጥፍሬን ስበላ ከረምኩ። በመጨረሻ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ከጉባኤ የወጣ ሰው ድምፅ ነው። «ታይቷል። ለውሃው ጤና የሚተጋ ስለሆነ አገልግሎት እንጂ ሥራ አይደለም ተብሏል። ከደወሉ ጋር ተመድቧል።»

አሥራ አንዱን ገጽ ሰረዝኩት። አማካሪዬ ኀዘን ተቀመጡ። ሣጥኑ ግን ሠላሳ ቀን፣ ቅዳሜ እሑድ ሳይል፣ አንድ ሰዓት ሳያጓድል ላከ። የመመረቂያዬ ፈተና ማክሰኞ ጠዋት ሆነ፤ ሰኞ ከሰዓት ለአባ ደውዬ «ነገ ፈታኞች ፊት እቆማለሁ፤ በጸሎት ያስቡኝ» አልኳቸው።

ሦስት ፈታኞች ተቀመጡ። አማካሪዬ በስክሪን ገቡና ወዲያው ደረቁ። ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አስተካክለው «ወረቀቱን አንብበነዋል። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ሲሠራ አሳዪን፤ ካልሠራ ማለፊያ የለም» አሉ።

ገጹን ከፈትኩት። አራት ሰዓት ሊሞላ ደቂቃዎች ቀርተዋል፤ የመጨረሻው መልእክት የገባው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ገለበጥኩት፤ ሚካኤል አይደለም፣ ማርያም አይደለም፣ በገዳሙ ሥራ የሚፈታበት ቀን አይደለም። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ የሰማሁት መሰለኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ፈታኞቹ እያዩኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ደወልኩ።

«አባ፣ ሣጥኑ ጠፍቷል!»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ልጄ።»

«ከደወሉ ጋር ተመድቧል አላሉኝም?!»

«ተመድቧል። ዛሬ ግን የአንቺ በዓል ነው። አብሮሽ ሲደክም የከረመ ነው፤ ልጄ ስትከብር አብሯት ይረፍ ብዬ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ እንባዬ ነው የመጣው። በስድስቱ ዓመት የቁልፍ ዘመኔ ማንም የእኔን ቀን በዓል ብሎ አክብሮልኝ አያውቅም።

ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «አባ፣ ካልከፈቱት ልጅቷ አታልፍም» አሏቸው።

«በእኔ ጦስ? ኧረ በስመ አብ!»

ከዚያ በስልኩ የእግር ኮቴ ሰማን፤ ትንፋሽ ሰማን፤ መሰላል ሲንቋቋ ሰማን። ስድስት ዓይን ስክሪኑ ላይ ተተከለ። የአራት ሰዓቱ መልእክት፣ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ሆና ብቅ አለች። ፈታኙ አጨበጨቡ፤ አማካሪዬ አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው።

አለፍኩ። ቁልፉን በዚያው ሳምንት ፈርሜ መለስኩ። ፈታኞቹ ያዘዙኝ ማስተካከያ አንድ ነበር፤ ሣጥኑ የጠፋበትን ቀን ሁሉ ከነምክንያቱ በሰንጠረዥ አስገቢ አሉኝ። ቀላል ነው፤ ሰንበት፣ ሰንበት፣ ሚካኤል፣ እስጢፋኖስ፣ ማርያም እያልኩ ሞላሁት። የመጨረሻዋ ማክሰኞ ላይ ስደርስ ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር «የእኔ በዓል» ብዬ ጻፍኩ።