ጠረጴዛውን ከበር ያነሳችው ደመቀች

ስለ ደመቀች የሚናገር ሌላ ሰው ስለጠፋ እኔው ልናገር። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔ ወልደአረጋይ ግልፍተኛ ሰው ነኝ። ባና ስሸምን ክር ከተበጠሰብኝ ግድግዳውን የምሰድብ ሰው ነኝ፤ ሚስቴ ትመስክር። ደመቀችንም መጀመሪያ ያየኋት ቀን አልወደድኳትም። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ እኔን ያቃጥለኛል።

ዘመኑ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሃያ ሁለት የባና ሸማኔዎች ሆነን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመን ነበር። ቀበሌው በዋናው መንገድ ዳር ከተወረሱት ቤቶች አንዱን ሰጥቶን ሱቅ አደረግነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም እዚያው ፊት ለፊታችን ይቆማል። ተሳፋሪው ቁርስ ሊበላ ሲወርድ የኛ አገር ብርድ አንዘፍዝፎ ይይዘዋል። እኛ ደግሞ ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ብርድ የማያስገባ ባና እስከ ጣሪያ ከምረን ተቀምጠናል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ግን አይገዛም። ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ይሄዳል። የገባውም አንጋጦ አይቶ ይወጣል። እኛም በየስብሰባው ተሳፋሪውን እናማለን። ደሃ ነው አልን፤ የከተማ ሰው የባና ክብር አያውቅም አልን። ጥፋቱ ከኛ ይሆን ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

በጥቅምት ወር የማኅበራችን ሊቀመንበር ገብረአብ ከአውራጃ የመጣ ደብዳቤ አነበበልን። በሱቁ ሁለት መቶ አርባ ባና ተከማችቷል፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግማሹ ካልተሸጠ ቤቱ ተነጥቆ የውይይት ክበብ ይሆናል ይላል። ሱቁ ከሄደ ባናችንን ተሸክመን ገበያ ለገበያ መንከራተት ነው። ለደመቀች ግን ከዚያም የባሰ ነበር። ሻጯ እሷ ናት፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል የስምንት ዓመት ልጇን ብርሃነሽን ይዛ የምትኖረውም እሷ ናት። ክፍሏ የተሰጠቻት በሻጭነቷ ነው፤ ሌላ መግቢያ የላትም።

አንኮበር ተወልዳ ደብረ ሲና ነበር ያገባችው። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መኪናው ጣርማ በር ላይ ገደል ገብቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ልጇን አዝላ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ለመንገደኛ ቆሎ ስትሸጥ አራት ዓመት ኖራለች። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ያቺ ሴት መንገደኛን እኛ ክር እንደምናውቀው ታውቀው ነበር፤ እኛ ግን አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም።

ደብዳቤው በተነበበ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና፣ «ችግሩን አግኝቼዋለሁ፤ ከሱቁ ነው እንጂ ከሰዉ አይደለም» አለች።

«እሰይ! ሃያ ዓመት የሸመንን ሰዎች አንቺን ስንጠብቅ ነበር» አልኳት። ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ሱቁን ለገብረአብ እየተወች ሦስት ቀን ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጣ የራሷን ሱቅ ስታይ ነበር ለካ። ሽምብራ ይዛ፣ ሰው ወደ ሱቁ በመጣ ቁጥር አንድ ፍሬ ከግራ ኪሷ ወደ ቀኝ ኪሷ ትጥላለች። ስልሳ ሦስት ሰው መጣ። አርባ አንዱ ከበር ተመለሰ። ከገቡት ሃያ ሁለት የገዙት ሁለት ናቸው። «ከገቡት ሃያው ለምን እንዳልገዙ ነገ እነግራችኋለሁ። አርባ አንዱ የተመለሱበትን ግን እዚህ መናገር አልችልም» አለችና ቁጭ አለች።

መናገር ያልቻለችው ሁላችንም የምናውቀውን ነው። በር ላይ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ መዝገብ አለ። ከመዝገቡ ኋላ ካፖርቱን ደርቦ ዘርአ ዳዊት የሚባል የቀበሌው ጥበቃ ተቀምጧል። ጸጉረ ልውጥ የሚበዛበት መንገድ ስለሆነ ወደ ሱቁ የሚገባ ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ያስመዘግባል፤ መታወቂያም ያሳያል። በዚያ ዘመን ስሙን መዝገብ ላይ ማስጻፍ የሚወድ ማን አለ? ባና በእጁ ሳይነካ ስሙን ሰጥቶ የሚገባ ሰው ሞኝ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ መንገድ ቀይሬ ነበር የምሄደው። ሆኖም መዝገቡ ይነሳ ማለት የሚያስከትለውን እናውቃለንና ሃያ ሁለት ወንድ አፋችንን ዘግተን ተቀመጥን።

በማግስቱ ሱቁን ገለበጠችው። ባናዎቹን ከመደርደሪያው አወረደቻቸው። ከባንኮኒው ኋላ የነበረውን ወደ ፊት አምጥታ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ብቻ ዘረጋች። አንዱን ውጭ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው። በየባናው ላይ ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፋ ሰፋችበት። እኔ አዲስ ባና ይዤ ስደርስ ይህን አይቼ ደሜ ፈላ።

«አንቺ ሴት፣ ባና እንደ ሽንኩርት መንገድ ላይ ይዘረጋል እንዴ? የሰው ሁሉ እጅ ያቆሽሸዋል!»

«ጋሼ ወልደአረጋይ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ባና ሳይነኩት ምኑ ይታወቃል? እርስዎ ራስዎ ገበያ ላይ የበግ ፀጉር ሳይነኩ ይገዛሉ?»

«ዋጋውንስ ምን አስቸኮለሽ? ይጠይቁ!»

«ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ ለመውጣት ሰው ያፍራል። እንዳያፍር ብሎ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀ ደግሞ አይገዛም።»

እኔም የበለጠ ጮህኩባት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ያመጣሁትን ባና ተቀበለችኝና ፀሐይ ላይ ሰቀለችው። በሦስተኛው ቀን ተሸጠ። እኔም ከዚያ ወዲያ መጮህ ተውኩ።

የገባው ሰው መግዛት ጀመረ። አውቶቡስ ላይ ለመያዝ እንዲመች በገመድ ጠቅልላ ማንጠልጠያ ታበጅለታለች። «እንከን ካገኙበት ለረዳቱ ይስጡት፤ በሚመለሰው አውቶቡስ ልኮልኝ እለውጥልዎታለሁ» ትለዋለች፤ እውነቷንም ነበር። ግን የሚገባው ጥቂት ነው። ኅዳር ሲጋመስ የተሸጠው ገና ሠላሳ አራት ነበር። ብርሃነሽ ማታ ማታ «ቤቱ ክበብ ሲሆን እኛ የት ነው የምንተኛው?» እያለች እንደምትጠይቃት ደመቀች ለሚስቴ ነግራታለች።

አንድ ጠዋት፣ ውርጩ መሬቱን አንጥቶት፣ እኔ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ዘርአ ዳዊትን አነጋገረችው።

«አያ ዘርአ፣ የበሩ ንፋስ ጉልበትዎን ይዞ አላስቆም አለዎት አይደል?»

«ምን ይደረግ ልጄ፣ ሥራ ነው።»

«ከሰል ከኔ ዘንድ ተያይዟል። ጠረጴዛውን ገንዘብ ከምቀበልበት አጠገብ እናድርገውና ይሙቁ። የገዛ ሰው ደረሰኙን ሲወስድ ስሙን ያስጽፍልዎታል።»

«ያልገዛውስ?»

«ያልገዛው ምን ይዞ ሄደ?»

ዘርአ ዳዊት መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ተነሣ። እሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ይዘው ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ ወሰዱት። ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። እሱ መዝገቡን ሲያስተካክል ወደ ውጭ ጠራኋትና፣ «ይህን ያደረግሽው በማን ትእዛዝ ነው?» አልኳት።

«በብርዱ» አለች።

«አትቀልጂ። ያስሩሻል።»

«ቤቱ ከሄደ የት እወድቃለሁ ጋሼ? ልጅ ይዣለሁ እኮ።» ይህን ስትል ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። እንደምትፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ከአውቶቡስ ወርዶ እጁን እፍ እፍ እያለ ይገባል፣ ባናውን ይዳስሳል፣ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ አንዴ የሞቀው ሰው ደግሞ መልሶ ማውለቅ ይከብደዋል። ዘርአ ዳዊት እሳቱ ዳር ሆኖ የገዢ ስም ይጽፋል። ሃምሳ ደረሰ፣ ሰባ ደረሰ። እኔ ግን መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ እዞራለሁ። ደመቀችም እንደዚያው ነበረች። ከገዢ ጋር እየተጫወተች ዓይኗ በሩን አይለቅም፤ ሰውነቷም እያየኋት አለቀ። ታኅሣሥ ሲብት ዘጠና ስምንት ደርሶ ነበር።

በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ ላንድሮቨር ቆመ። ሁለት ሰዎች ወርደው ገቡ። እኔ ሁለት ባና ይዤ ቆሜያለሁ።

«ረቡዕ ጠዋት ጥቁር ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው እዚህ ገብቷል። ስሙ ማን ይባላል?» አለ አንደኛው።

ዘርአ ዳዊት መዝገቡን ገለጠ። ረቡዕ ላይ ዘጠኝ ስም አለ፤ ሰባቱ ሴቶች፣ ሁለቱ የደሴ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰውየው ገብቶ፣ ባና ነክቶ፣ ሳይገዛ ወጥቷል። ዘርአ ዳዊት ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ።

«በር ላይ ይሁን የተባለውን ጠረጴዛ ማነው እዚህ ያመጣው?»

ዘርአ ዳዊት ሰባት ልጆች አሉት፤ ወደኔ አየ፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለች ደመቀች።

«ለምን?»

«ሰው ስሙን ሳይጠየቅ ገብቶ ባናውን እንዲያይ ብዬ ነው። እሱም ብርድ ስለፈጀው እሺ አለኝ እንጂ ሐሳቡ የኔ ነው።»

ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ ይዘዋት ወጡ። መኪናው ላይ ሊያወጧት ሲሉ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ብርሃነሽ ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ትመለሳለች» አለችኝ። የያዝኳቸውን ባናዎች እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

ልጅቷን ቤቴ ወሰድኳት። ሃያ ቀን ያህል ከልጆቼ ጋር በላች፣ ከልጆቼ ጋር ተኛች። ጠረጴዛው ወደ በሩ ተመለሰ። ገብረአብ ሱቁን እኔ እንድይዝ አዘዘኝ፤ እኔም እሷ ስትሠራ ያየሁትን ሁሉ ሠራሁ። ባናውን ዘረጋሁ፣ ገመዱን ቋጠርኩ፣ ግልፍተኝነቴንም ዋጥኩት። በሩ ላይ ብዙ ሰው ቢመለስም፣ ካለፈው ወር የገዙት ሰዎች ደሴ ላይ አውርተው ኖሮ፣ ስማቸውን አስጽፈውም ቢሆን የሚገቡ መጡ። በወሩ መጨረሻ የአውራጃው ኮሚቴ መጥቶ የቀረውን ባና ቆጠረ። መቶ ሃያ ስድስት ተሸጦ ነበር። ቤቱ የማኅበሩ ሆኖ እንዲቀጥል እዚያው ፈረሙልን።

በማግስቱ ደመቀችን ፈቷት። ጥቁር ኮት የለበሰው ሰው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ ቤቴ መጥታ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። ሚስቴ እግሯን በሞቀ ውኃ አጠበቻት።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ጠዋት ቁርስ ላይ ብርሃነሽ፣ «አባባ፣ እኔና እማዬ ዛሬ ወደ ቤታችን እንገባለን?» አለችኝ። «ስብሰባው ይጨርሰዋል» አልኳት። ምን እንደሚጨርስ ግን አውቅ ነበር፤ ገብረአብ ቅዳሜ ማታ ቤቴ መጥቶ ነግሮኛል። ማኅበሩ ታስሮ የተፈታ ሰው ሻጭ አድርጎ ቢያስቀምጥ ጣጣው በሁላችንም ላይ ይመጣል፤ ሱቁን በደንብ ይዘኸዋል፣ አንተው ትቀጥላለህ ብሎኛል። አይሆንም አላልኩትም። ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ካወራሁ አይቀር ደግሞ ሱቁንም ወድጄው ነበር።

አዳራሹ ሞላ። ደመቀች ከኋላ ተቀመጠች፤ ልጅቷ እንደለመደችው ከሚስቴ አጠገብ፣ ከኔ ፊት ሆነች። ገብረአብ ብዙ ተናገረ። ስለ ንቃት አወራ፣ ስለ ጥንቃቄ አወራ፤ ቤቱ በማን ብልሃት እንደተረፈ ግን አላነሳም። ሲጨርስ ደመቀች የምትለው ካለ ጠየቃት።

«ቤቱ ተርፏል አይደል?» አለች።

«ተርፏል።»

«እንግዲያው ደግ» ብላ ተቀመጠች።

«ጓድ ወልደአረጋይ በሻጭነት እንዲቀጥል የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ ገብረአብ። ከፊት ከፊት እጆች ወጡ። እኔም ጥቂት ቆየሁና እጄን አወጣሁ። ብርሃነሽ ዞር ብላ አየችኝ። እጄን ሳወጣ ስታይ ለእናቷ መስሏት፣ ደስ ብሏት እሷም እጇን ከፍ አደረገች። ሚስቴ ልታወርዳት ብትሞክር እምቢ አለች።

ገብረአብ እጅ ሲቆጥር ልጅቷን ዘለላት፤ እኔን ግን ቆጠረኝ። ማክሰኞ ቁልፉን ተረከብኩ፣ ክፍሏንም።