ሐምራዊ ምላስ

የክሊኒካችን አስተዳዳሪ ማኅተም የሚመታው በምላሱ ነበር። ማኅተሙን የሚያስነካበት የቀለም ስፖንጅ ደርቋል፤ አዲስ እንዲላክ የጻፈው ደብዳቤም ማኅተሙ ፈዟል ተብሎ ተመልሶበታል። ስለዚህ ማኅተሙን ላስ ያደርግና ወረቀቱ ላይ ጫን ይላል። ምላሱም ከንፈሩም ሐምራዊ ሆኖ ቀርቷል። ጣቱን ምራቁን እያስነካ ካርድ ይገልጣል፤ እኔ ያንኑ ካርድ ተቀብዬ ቁስል ላጥብ እሄዳለሁ። ላፍቶ ክሊኒክ ከተመደብኩ ጀምሮ እሱ ፊት ምሳ በልቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤት የተማርኩት የልብ ምት መቁጠር ነበር። እዚህ ግን አዲስ ነርስ መጀመሪያ የምትማረው ካርቦን ማነባበር ነው፤ አንድ ኮፒ ለቀበሌ፣ አንድ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው፣ አንድ ለፋይል። በነፃ የሚታከም ሰው የቀበሌው ወይም የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካላመጣ መርፌ የለም። “አብዮት ያለ ሥርዓት አይራመድም” ይላል አስተዳዳሪው፣ በዚያ ምላሱ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከፉሪ በኩል አንዲት ገበሬ ሕፃን አዝላ መጣች። ልጁ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ በተነፈሰ ቁጥር ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሳንባ ምች መሆኑን ለማወቅ ነርስነትም አያስፈልግም ነበር። ወረቀት ይዛለች፤ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ፈርሞበታል። ማኅተሙን ግን ሊቀመንበሩ ማንንም ስለማያምን ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ሄዷል።

“ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም” አለ አስተዳዳሪው።

“ጓድ፣ ልጁ እስከ ነገ አይቆይም።”

“ጓዲት፣ እኔ የማየው ወረቀቱን ነው።”

ደሜ ፈላ። እናትየውን በጓሮ በር አስገብቼ ልጁን ፔኒሲሊን ወጋሁት። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ልጁ ጡት መያዝ ጀመረ፤ ትንፋሹም ረጋ። እኔ ግን ተያዝኩ። ማታ ማታ ባዶ ብልቃጦች ከወረቀት ጋር ይመሳከራሉ፤ ወረቀት የሌላቸው ብልቃጦች ተገኙ። አስተዳዳሪው ወረቀቱ እስከ ዓርብ ካልመጣ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ እንደ መድኃኒት ሌባ እንደምቆም ነገረኝ።

ይህን ለሴትዮዋ የነገራት ዘበኛችን ነው። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩን ከማሳ ማሳ አሳዳ ማኅተም ያስመታችበትን ወረቀት ይዛ ከች አለች። አስተዳዳሪው አገላብጦ አየው፤ የራሱን ማኅተም ላሰ፤ አጸደቀ። እፎይ ከማለቴ ወደ እኔ ዞረ።

“በይ ውጊው።”

“ድኗል እኮ።”

“ወረቀቱ የጸደቀው ዛሬ ነው። ዛሬ መወጋት አለበት።”

ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነጠላዋን ያኝካል። ሰውየውን ተጸየፍኩት፤ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ የሚተነፍሰውን አየር ሳይቀር ተጸየፍኩ። መርፌ አልነካም ብዬ እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።

ሴትዮዋ እኔን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

“ሲስተር፣ ለወረቀቱ ከሆነ እኔን ውጊኝ። ልጁን ተዪው፤ ይበቃዋል።”

አስተዳዳሪው ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ። አላፈረም። አሰበበት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ እንደገና አነበበ።

“አይሆንም” አለ በሐምራዊ ከንፈሩ። “እዚህ ላይ ዕድሜ ስምንት ወር ነው የሚለው።”