የሚሸፈነው ዓይን

ሳቢራ ዘወትር ጠዋት ፕላስተር ቆርጣ፣ ጥጥ ደርባ፣ የታናሽ እህቷን የዓፊያን ቀኝ ዓይን ትሸፍናለች። ደህናው እሱ ነው። ግራው እንደ ሳቢራ አንድ ዓይን ወደ አፍንጫ ያዘነበለ ነው።

«ወላሂ ጉድ ነው!» አለች ጎረቤታቸው ሀዲጃ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ። «ደህናውን ጋርዶ ሸውራራውን መተው! እሷንም እንዳንቺ ልታስቀሪያት ነው?»

ሳቢራ ፕላስተሩን መለጠፏን ቀጠለች። ምክንያቱን ታውቀዋለች። ደሴ ያያቸው ሐኪም የዓፊያ ግራ ዓይን ራሱ ጤነኛ መሆኑን ለእናታቸው ለዘሊካ አስረድቷል። ከዚያ ዓይን የሚመጣውን ጥቃቅን ነገር አጥርቶ መለየት ያልተማረው ከኋላ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ደህናው ሲሸፈን ሳይወድ በግዱ ይማራል። ዓፊያ በግራዋ ብቻ ስታይ ለብቻው የተጻፈ ፊደል ትለያለች፤ ፊደሎቹ ሲደረደሩ ግን ይደባለቁባታል።

«የኔም እንደዚያ ነው» ብላው ነበር ያኔ ሳቢራ።

«ያንቺ ቆይቷል፤ በልጅነትሽ ቢሆን ነበር» አላት ሐኪሙ።

በልጅነቷ ዘሊካ ክታብ አንገቷ ላይ አሰረችላት እንጂ ደሴ አልወሰደቻትም። ካደገች በኋላ ከሰንበቴ ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎችም አንድ ጊዜ ፊቷን አይተው ተመልሰው አልመጡም። ዓፊያ ግን ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ሁሉ ነገር ይደርስላታል።

አንድ ቀን ዘሊካ እህል ልትሸጥ ጨፋ ሮቢት ገበያ እንደወጣች ሳቢራ ጥጡን ግራው ላይ ለጠፈችው።

«እትዬ፣ ዛሬ ሁሉም ይታየኛል!» አለች ዓፊያ እየዘለለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ልብ ገዛሽ» አለች ሀዲጃ።

ሳቢራ ማታ እናቷ ሳትገባ ፕላስተሩን አነሳችው። በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ አደረገች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓፊያ የፊደል ገበታዋን ይዛ መጣችና የሳቢራን ደህና ዓይን በመዳፏ ከደነችና ከተደረደሩት ፊደሎች አንዷን ጠቆመች።

«ይቺ ማን ናት?»

«እንጃ፣ ተደባልቀዋል።»

ልጅቷ ሳቀች። «የኔም እንደዚያ ነበር! ቀኙን ስትሸፍኚልኝ ግን ከነዚህ ሁለቱን ለይቻቸው ነበር።»

ሳቢራ የልጅቷን መዳፍ ከፊቷ ላይ አነሳችው። ሁለት ፊደል! እሷ በሃያ ሁለት ዓመቷ አንድም አልለየችም። ቀናችባት፤ ነገም እጇ ወደ ግራው እንደሚሄድ ታወቃት።

ማታ ዘሊካ ስትገባ፣ «እማ፣ ከነገ ጀምሮ ዓይኗን አንቺ ሸፍኚላት» አለቻት።

«ለምን?»

«እኔን አትመኚኝ።»

ዘሊካ ልጇን ትኩር ብላ አየቻትና ፕላስተሩንና ጥጡን ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ዓፊያን ቀስቅሳ ቀኝ ዓይኗን የምትሸፍነው እሷ ናት።