ሰባት ዓመት በአንድ ዓይን

ባሌ አርባ ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን ኖሯል። ሰው የሚጠራው ግን ለጥገና ብቻ አይደለም፤ የፍሪጁን ዕድሜ እንዲነግረውም ነው። ይገባል፣ በሩን ሁለቴ ከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ በርከክ ይልና ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለቤቶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። «ሦስት ዓመት» ይላል። አለቀ። አንዷን አስተማሪ «ሁለት ዓመት» ቢላት ተናዳ ሌላ ሠሪ አስጠራች፤ በሁለት ዓመት ከአንድ ወሩ ሥጋዋን በባልዲ ይዛ የሚያሳድርላት ጎረቤት ስትፈልግ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «ጠንቋዩ» ይለዋል። እሱ አይወደውም። «ጥንቆላ ሳይሆን ማዳመጥ ነው» ይላል።

ጣጣው የመጣው ስድሳ አራት ሲሞላው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጺሙን እየተላጨ፣ «ሰባት ዓመት ቀርቶኛል» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ለመኖር።»

አባቱ በሰባ ሞቱ፣ አጎቱ በሰባ ሁለት፤ ደምሮ ለሁለት አካፈለው። «ወይ ጉድ! ፍሪጅ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«ሞተር ሞተር ነው» አለና ወደ መላጨቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ በሰባት ሆነ። ጫማ ሊገዛ ሄዶ «ከሰባት ዓመት በላይ የሚቆይ አልፈልግም» ብሎ ሻጩን አደናገረው። «ዕድሜ ይስጥዎት» የሚሉትን «ተሰጥቶኛል» ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄያለሁ፤ መቼስ ሴት ከባሏ ጋር ስትኖር የማትስቅበት ነገር የለም። ዓይኑ ላይ ሲደርስ ግን ሳቄ ቆመ።

ቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ብሎን ሲወድቅበት ወለሉን በመዳፉ እየዳሰሰ ነው የሚያገኘው። ልጃችን ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችውና ለማክሰኞ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አስያዘችለት፤ ይኼ ካመለጠ ወረፋው ዓመት ነው። እሱ የቀጠሮ ካርዱን የብሎን መሳቢያው ውስጥ ጣለው። «ለሰባት ዓመት አንድ ዓይን ይበቃል» አለ።

«አባዬ፣ ግራውም እኮ ጀምሮታል!» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እኔ ፈራሁ። እጁን ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ ስመራው ታየኝ። ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ ይብስ ነበር፤ ሰውዬው በቁሙ ራሱን አውጥቶ ሊጥል ነው።

ሰኞ ምሳ ላይ ሁለታችን ወጥ ቤት ተቀምጠናል። የራሳችን ፍሪጅ ከጀርባዬ ያጉረመርማል።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺ ምን?»

«ስንት ዓመት ቀረኝ?»

«አንቺማ ሃያ ትሄጃለሽ» አለ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ቅንጣት ሳያስብ። «እናትሽን አላየሽም?»

«እሺ። ዐሥራ ሦስቱን ዓመት ምሳዬን ከማን ጋር ነው የምበላው?»

ዳቦው እጁ ላይ ቀረ። «ልጅቷ አለች አይደል...»

«ልጅቷ ቤት አላት!» ቱግ አልኩ። ተነሣሁና ፍሪጁን በመዳፌ መታ አደረግኩት። «ይኼን ስንገዛው ስንት ዓመት ሰጠኸው?»

«ስምንት።»

«አሁን ስንት ሆነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«እንግዲያው ጠንቋዩ ተሳስቷል!»

«አልተሳሳትኩም!» አለ፤ ሙያው ተነካበት። «የበሩን ጎማ የቀየርኩት እኔ! ሞተሩን ሁለቴ አውርጄ የሠራሁት እኔ! በየዓመቱ አቧራውን የማራግፍለት እኔ! ዝም ብዬ ብተወው ኖሮ በስምንት ዓመቱ አክትሞለት...»

እዚህ ላይ አፉን ዘጋ። ሳህኔን አንሥቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት የብሎኑ መሳቢያ ሲንኳኳ ሰማሁ። ካርዱን ይዞ፣ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። «ትመጫለሽ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» አለኝ፤ እስከ ዛሬ ያዘገየሁት እኔ ይመስል።

ፋሻው በማግሥቱ ተፈታ። ነርሷ «እንዳያጎነብሱ፣ ዓይንዎትን እንዳይነኩ» ብላው ሄደች። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አየኝ። ብዙ አየኝ።

«አርጅተሻል» አለኝ።

«አመሰግናለሁ።»

«የምሬን ነው። መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

«አንተ ሰባት ስትቆጥር።»

«ቁሚ እስቲ» አለኝ። ምን ሊያሳየኝ ነው ብዬ ፊቱ ቆምኩ። እሱ እንደ ተቀመጠ ወገቤን ያዘና ጆሮውን ደረቴ ላይ ለጠፈ።

«ኧረ ሰው ያየናል! አብደሃል?»

«ዝም በይ፣ ልስማበት።»

ዓይኑን ጨፈነ። ለየትኛውም ፍሪጅ እንዲህ ቆይቶ አያውቅም። ወረፋ ጠባቂዎቹ ሁሉ ወደኛ ዞሩ። ቀና ሲል ሁለቱም ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ እንዳይነካ ስለተከለከለ አልጠረገውም።

«ስንት?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ።

በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ብሎ ሲመልስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።