ላብ የሌለው ቱታ

ሊሊሳ ቶሌሳ አሥራ አራት ማራቶን ጀምሮ አንዱንም አልጨረሰም። እንዲጨርስ የፈለገም ሰው አልነበረም። ሥራው አሯሯጭነት ነበር። ስመ ጥሮቹን ከኋላው አስከትሎ፣ ንፋሱን በደረቱ እየተቀበለ፣ በተነገረው ፍጥነት እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ይመራል፤ ከዚያ ወደ ዳር ጠጋ ብሎ ከመንገዱ ይወጣል። የሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው ብርድ ልብስ ይዞ ይጠብቀዋል። ሩጫው ያለ እሱ ይቀጥላል። አሸናፊው ሪባኑን በደረቱ ሲበጥስ ሊሊሳ አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ካልሲ እየቀየረ ነበር።

ሲግናል ሰፈር በተከራያት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ግን እሱ አትሌት ነው፣ ቤቱም የአትሌት ቤት ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ገንፎውን በልቶ ይተኛል። አትሌት ቀን ካልተኛ እግሩ አያገግምም፤ ይህን በዚያ አካባቢ ያሉ የሯጭ ሚስቶች ሁሉ ያውቃሉ። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ሬዲዮ አይከፈትም። ሚስቱ ሃይሚ የድስቱን ክዳን የምታነሳው በጨርቅ ይዛ ነው። የስምንት ዓመቷ ሲፋን መራመድ የተማረችው በእግር ጣቶቿ ጫፍ ነው፤ ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪዋ «እግሯን ያማታል እንዴ?» ብላ ሃይሚን ጠይቃት ነበር።

ከመጋረጃው ወዲህ፣ መስኮቱ ሥር፣ የሃይሚ የስፌት መኪና አለ። የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። መኪናው አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሊሊሳ ሲተኛ መኪናውም ይተኛል፤ ሃይሚ ከሊሊሳ አሮጌ የሩጫ ካናቴራ የሰፋችለትን ሽፋን ታለብሰዋለች።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሚሮጥለት ክለብ ሊሊሳን አሰናበተው። የተረከዙ ጅማት ሁለት ዓመት ሲያስቸግረው ቆይቷል፤ ዕድሜውም ሠላሳ አምስት ደርሷል። ደብዳቤው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የቢሮው በር ላይ ቆሞ አነበበው። የሆነ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። ምንም አልተሰማውም። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ቤት ሲደርስ የጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠው።

ለሃይሚ ሊነግራት ነበር። በማግስቱ ግን ሰውነቱ በራሱ ሰዓት ነቃ፤ ቱታውን ለብሶ ወጣ። ሲመለስ ገንፎው ቀርቦ ጠበቀው። በላ። ተኛ። ቤቱ ዝም አለ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነሐሴ ገባ።

በደጉ ጊዜ ያገኘው ገንዘብ የት እንደገባ የሚጠይቁት አሉ። ሚኒባስ ገዝቶ ነበር፤ የአጎቱ ልጅ ከላምበረት እየጫነ ሲነዳው ሞተሩ ነከሰ፤ ዛሬ አንድ ጋራዥ በር ላይ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጉርድ ሾላ ሊያቆሙት የነበረው ሕንፃ መሠረቱ ተቆፍሮ ቀረ፤ ጉድጓዱ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይሞላል። የቀረው ገንዘብ ወንድሞቹ አገቡበት፣ ዘመድ ታከመበት፣ ለአባቱ ቤት ጣሪያ ሆነ። ማንንም አይወቅስም። ሲሰጥ የሚቀጥለው ውድድር ሁልጊዜ ከፊቱ ነበረ።

በዚያ ነሐሴ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እንደወትሮው የሰፈሩ ሱቅ ጥግ ተሸጉጦ ቆመ። የክለቡ ሰርቪስ ሲግናል ላይ ቆሞ ሯጮቹን ልጆች አሳፍሮ እስኪያልፍ የሚጠብቀው እዚያ ነው። ክርስቲያን የሚባለው ባለ ሱቅ መዝጊያውን እየከፈተ አየው።

«ሊሌ፣ ሰርቪስህ እኮ አለፈ! ወይስ ዛሬም ሠላሳ ላይ ልትወርድ ነው?»

«በእግሬ ነው የምሄደው። ለማሟሟቅ።»

«አራት ወር ሙሉ አሟሟቅክ! አሁንስ ሻይ ይፈላብሃል።»

ሊሊሳ ፈገግ ማለት እንዳለበት ገባውና ፈገግ አለ። በታክሲ ፈረንሳይ ደረሰ፤ ከዚያ በጉራራ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣ። ጭጋጉ ከዛፎቹ ወገብ በላይ ነበር። አንድ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ አለ፤ እዚያ ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሳምንት ለመሮጥ ሞክሮ ነበር። ጥቂት ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ጎደለው፤ ከኋላው ኮቴ የለም። ዞሮ አየ። ዛፎች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አልሮጠም።

ትንሽ ቆይቶ ልጆቹ መጡ። ጫካ ውስጥ የሚሮጡት አንድ መስመር ሠርተው ነው። መሪው በዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛል፤ ሁለተኛው መሪው እግሩን ያነሳበት ላይ ያርፋል፤ ሦስተኛው ሁለተኛው ያነሳበት ላይ። ድንጋዩንና ጉድጓዱን የሚያየው የፊተኛው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚያዩት ተረከዝ ነው። ያንን መስመር ዘጠኝ ዓመት የመራው ሊሊሳ ነበር። አሁን ፉፋ የሚባል ልጅ ይመራል። አለፉ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ መስመር ላይ ቀና አይባልም።

ከኋላቸው አሰልጣኝ ሰላሙ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ቆሙ።

«ሊሊሳ! አንተ ነህ?»

ብድግ አለ። «ደህና አደሩ፣ አሰልጣኝ።»

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ትንሽ ልንሸራሸር ብዬ ነው።»

«በክለቡ ቱታ?»

ሊሊሳ ቱታውን አየው፤ አዲስ ነገር የተነገረው ይመስል።

«ሃይሚ ታውቃለች?» አሉ ሰላሙ።

ሊሊሳ የቱታውን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበ።

«አይ አንተ ሰውዬ!» ጃንጥላውን ወደ እሱ ዘንበል አደረጉለት። «ስማኝ። ልብስ የሚጠብቁት ሽማግሌ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ልጆቹ የሚያወልቁትን የሚይዝ፣ ውሃቸውን የሚያዘጋጅ ሰው እፈልጋለሁ። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ አልዋሽህም። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ጠይቀውኛል። ዓርብ ጠዋት ሰርቪሱ ሲግናል ሲቆም ከገባህ ሥራው ያንተ ነው። ካልገባህ ለእነሱ እሰጣለሁ።»

«ልብስ ጠባቂ» አለ ሊሊሳ።

«አዎ፣ ልብስ ጠባቂ። መጀመሪያ ግን ለሚስትህ ንገራት። ሰርቪሱ የሚቆመው ሰፈራችሁ መሃል ነው፤ ተደብቀህ የምትገባበት ሥራ አይደለም።» ፊሽካቸውን ነፉና ልጆቹን ተከትለው ሄዱ።

ማክሰኞ አልነገራትም። ረቡዕ ዝናብ ሲዘንብ ዋለ፤ በስብሶ ተመለሰ። ሃይሚ ቱታውን ከእጁ ተቀብላ አገላበጠችው፣ አንዳች ሳትናገር ሳፋ ውስጥ ነከረችው።

ሐሙስ በአራት ሰዓት፣ ሊሊሳ ዓይኑን ጨፍኖ አልጋው ላይ ተጋድሟል። በሩ ተንኳኳ። ከመጋረጃው ወዲያ ሹክሹክታ ሰማ። የላይኛው መንደሯ እትዬ የማርያምወርቅ ናቸው፤ የሦስት ልጆቻቸውን ጨርቅ ይዘው መጥተዋል።

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ባለቤቴ ተኝቷል።»

«በአራት ሰዓት? አሞት ነው?»

«አትሌት ነው። ከልምምድ ገብቶ ነው።»

«የትኛው አትሌት? እኔ በቴሌቪዥን አይቼው አላውቅም።»

«ከማለቁ በፊት ስለሚወጣ ነው» አለች ሃይሚ።

«እሺ፣ ለቅዳሜ ታደርሺልኛለሽ?»

«ጠዋት ጠዋት መስፋት አልችልም። ከሰዓት በኋላ ብቻ ከሆነ ለቅዳሜ አይደርስም። የሌሎችም አለብኝ።»

«ታዲያ ልጆቼ ራቁታቸውን ይሂዱ? ትምህርት እኮ ሊከፈት ነው። በይ ስጪኝ፣ ጉርድ ሾላ የሚሰፋ አላጣም።»

በሩ ቀስ ተብሎ ተዘጋ። ሲፋን በጣቶቿ ጫፍ ክፍሉን አቋርጣ ሄደች። ሊሊሳ ጣሪያውን አየ። ነገ ዓርብ ነው። ተነስቶ መጋረጃውን ገለጠ።

ሃይሚ ደነገጠች። «ምነው? ቀሰቀስንህ?»

«አልተኛሁም ነበር።» ድምፁ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ክለቡ አሰናብቶኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከግንቦት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ቱታህ።» መሬት መሬቱን እያየች ነበር የምታወራው። «አሥራ አንድ ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ሊሊሳ። ዝናብ ያረጠበውንና ላብ ያረጠበውን አትለይም ብለህ ነው? ድሮ አንገትጌው ላይ ጨው ይደርቅ ነበር። አሁን የማጥበው ጭቃ ነው። ያውም ከመቀመጫው ላይ።»

ሲፋን አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ እናቷ ስታያት ዝም አለች።

«ካወቅሽ ለምን አልሰፋሽም?» አለ ሊሊሳ።

«አንተ ተኝተህ?»

«እንደማልተኛ እያወቅሽ።»

ሃይሚ ሽፋን ወደ ለበሰው መኪና ዞረች። «እኔ ካስነሳሁት ሩጫህን የዘጋሁት እኔ እሆናለሁ። ያንን በእጄ ማድረግ አልፈለግኩም። ሲነግረኝ እሰፋለሁ እያልኩ የሰው ጨርቅ ስመልስ ከረምኩ።»

ሊሊሳ ያን ቀን ቢሮው በር ላይ እንዳደረገው፣ የሆነ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። ማልቀስ ወይም መቆጣት ወይም ማቀፍ የሚገባ መሰለው። አንዳቸውም አልመጡም። እግሩ ግን ተንቀሳቀሰ።

«ሴትዮዋ በየት በኩል ሄዱ?»

«ወደ ታክሲው። ምን ልታደርግ ነው? በካልሲ ነህ እኮ!»

ነጠላ ጫማ አጥልቆ ወጣ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር። ሮጠ። ተረከዙ የሚያመው ቦታ ላይ አመመው፤ እሱም እንደ ሩቅ ድምፅ ነበር። አስፋልቱ ላይ አንድ ረዳት «ጉርድ ሾላ! ጉርድ ሾላ! አንድ ሰው የሞላ!» ይላል። ክርስቲያን ከሱቁ ብቅ አለ።

«ኧረ ሊሌ! ዛሬ ማንን ነው የምታሯሩጠው?»

የማርያምወርቅ አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ላይ አድርገዋል።

«እትዬ! እትዬ የማርያምወርቅ! ጨርቁን ይስጡኝ። ትሰፋዋለች።»

ዞረው ከነጠላ ጫማው እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ነህ እንዴ አትሌቱ? ተኝቷል ብላኝ!»

«ተነስቻለሁ።»

«እናት፣ ግቢ ወይ ውረጂ!» አለ ረዳቱ።

«አፍህን ያዝ!» አሉት። ከዚያ ወደ ሊሊሳ፣ «ለቅዳሜ?»

«ለቅዳሜ። ጠዋትም ትሰፋለች።»

ፌስታሉን ሰጡትና ትንሽ አዩት። «እንደው ትንፋሽ እንኳ አልቆረጠህም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ልቡ አልፈጠነም።

ቤት ሲገባ ሃይሚ እንደቆመች ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ካናቴራውን ከመኪናው ላይ ገፈፈ፤ ደረቱ ላይ በእንግሊዝኛ «አሯሯጭ» የሚል ጽሑፍ አለው። የት ማስቀመጥ እንዳለበት ስላላወቀ እንደያዘው ቀረ። ሃይሚ ተቀመጠች። እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

«ነገ ሥራ እገባለሁ» አለ ሊሊሳ። መኪናው ስለሚጮህ ደግሞ ተናገረው፤ «የልጆቹን ልብስ ልጠብቅ ነው።»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗን ከስፌቱ አላነሳችም።

ዓርብ ጠዋት ሱቁ ጥግ አልተሸጎጠም፤ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሰርቪሱ መጣ፤ ገባ፤ ሾፌሩ አጠገብ፣ ውሃ ጠርሙሶቹ ያሉበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከኋላ የሚያወሩት ልጆች ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እንጦጦ ላይ ሲወርዱ አንድ በአንድ ቱታቸውን አወለቁ። ፉፋ የራሱን ካጠፈ በኋላ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበለት።

«ይያዙልኝ፣ ጋሼ» አለ።

በዚያ ቃል ማንም ጠርቶት አያውቅም ነበር። ድሮ «ሊሌ» ነበር የሚሉት። ተቀበለው። መስመሩ ጭጋጉ ውስጥ ገባ፤ የመጨረሻው ተረከዝ እስኪጠፋ አየ። ከዚያ ጉቶው ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ የሰዎቹ ልብስ ጭኑ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሞቆ ቆየ፣ በኋላ እንደ አየሩ ቀዘቀዘ። ሲመለሱ እየጠራ ሰጣቸው። የማንንም አላሳሳተም።

በሦስት ሰዓት ቤት ገባ። ገንፎ አልነበረም፤ ሃይሚ እየሰፋች ነበር፤ ዳቦ በሻይ በላ። ሥራ እንደሌለው ሰው መንገድ ላይ መዋል አልሆነለትም፤ በልማድ ሄዶ አልጋው ላይ ተጋደመ። የመኪናው ድምፅ በግድግዳው በኩል እስከ ትራሱ ይመጣል። ይቆማል፣ ክር ይበጠሳል፣ እንደገና ይነሳል። እንቅልፍ አልወሰደውም። ያላዘነ መሰለው፤ ደስ ያለውም አልመሰለውም። እግሩ ግን የነገ መነሻ ሰዓቱን ያውቃል።

ሲፋን መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ ከአልጋው ሥር የትምህርት ቤት ጫማዋን ልትወስድ። ቤቱ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ እሷ በጣቶቿ ጫፍ ትሄዳለች።

«ሲፋን» አላት። «በሙሉ እግርሽ ርገጪ። አልተኛሁም።»

ቆመች። ተረከዞቿን አውርዳ መሬቱን ሞከረች። ሁለት እርምጃ እንደዚያ ሄደች። መጋረጃው ጋ ስትደርስ ጫማዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንደገና በጣቶቿ ጫፍ ወጣች።