ሂሩት «እደሪ» አላለችኝም

ከምርጫው በኋላ ሰፈራችን ውስጥ ወጣት ሲለቀም፣ እኔና ጓደኛዬ ሂሩት ከአገር ለመውጣት ቆረጥን። የመጨረሻዋን ምሽት እናቷ እማማ ብዙነሽ ቤት ነበርኩ። ልሄድ ስነሳ ነጠላዬን ቀምተው «መሽቷል፣ የት ትሄጃለሽ? እደሪ!» አሉኝ። እኛ ጋ መቼም እንግዳ ልደር ብሎ አይጠይቅም፤ ይለመናል እንጂ። ከሂሩት ጋር አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈን አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል ወጣን።

ለንደን ለያየችን፤ እሷ ኬኒንግተን፣ እኔ ኪልበርን። ክፍሏን ስትከራይ ላንድሎርዱ በሩ ላይ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው የሚል ወረቀት ለጠፈ።

«እህቴ ብትሆንስ?» አለችው።

«እንግዳ ናት።»

«እናቴስ?»

«እንግዳ ናት።» አሰብ አደረገና «ድመትም አይቻልም» አለ።

እናም እሁድ እሁድ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ አውቶቡሴን እይዛለሁ። ጥፋቱ የላንድሎርዱ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር። አንድ እሁድ ሻይ ስታፈላ፣ አልጋዋ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስፓኒሽ የሚማሩበት መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛውን እንኳ በቅጡ ሳንይዝ! ሰው ቤት ስለ ማደር የሚያወራው ገጽ በእርሳስ ተሰምሮበታል። «እዚህ ማደር እችላለሁ?» ከሚለው ሥር በራሳችን ፊደል «ፑዌዶ ኬዳርሜ አ ዶርሚር?» ብላ ጽፋለች።

«ይሄ ምንድነው?»

«አልፎ አልፎ አብራኝ የምትሠራው ማርታ ጋ አድራለሁ። ለክሊኒንግ ሥራችን ቅርብ ነው። እንግሊዝኛ አትችልም።»

ማርታ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ኮሎምቢያዊት ናት። ወንድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ወንድ ያልፋል። ቀናሁ። ያቺን ጥያቄ እስከ ኪልበርን ድረስ ስሸመድዳት ሄድኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ማርታም መጥታ ነበር። ሲመሽ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ሂሩትን ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ፑዌዶ ኬዳርሜ አ ዶርሚር?» አልኳት።

ማርታ አጨበጨበች። «ሲ! ሲ!» እያለች ወደ ራሷ ቤት ልትወስደኝ እጄን ያዘች። ሂሩት አልሳቀችም።

«በአማርኛ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«በአማርኛማ እኔ አልጠይቅም። እደሪ የምትዪኝ አንቺ ነሽ።»

በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ከዚያ ኮቴን አቀበለችኝ።

ማክሰኞ እማማ ብዙነሽ ጋ ደወልኩ።

«ሂሩት ጋ ታድሪያለሽ አይደል፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንደ ድሮው፣ አንድ አልጋ ላይ?»

«እንደ ድሮው።»

«ተመስገን» አሉኝ። «እሷም እንዲሁ ነው ያለችኝ።»